ቀናዓ እና የእናቴ ብልቃጥ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቀናዓ ነው። ስለ ቀናዓ ብዙ ሰምታችኋል፤ እኔም ብዙ ጽፌያለሁ። የዛሬው ግን ከቤቴ የወጣ ስለሆነ ለመጻፍ አፍሬ ሦስት ጁሙዓ አሳልፌዋለሁ።

እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። የስኳር ታማሚ ናት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የደም ግፊት ኪኒንም አላት። ቤቷ ፍሪጅ ስለሌለ ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ መሃል በተቀመጠች ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ነው የምታኖረው። ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት ያስተማረቻት። እኔ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፤ ቀጥሎ የእሷን የመድኃኒት ብር እልካለሁ። በዚህም ራሴን እንደ ጥሩ ልጅ ነበር የምቆጥረው።

ባለፈው ዒድ ቤት ስገባ ማሰሮዋን ከፈትኩ። ብልቃጡ ላይ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። ለአንድ ወር የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ ወሩ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ውስጡ ግን ገና አላለቀም። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ እናቴ የታዘዘላትን ያህል አትወጋም። ስጠይቃት አልካደችም። የጠዋቱን እየወጋች የማታውን ትዘለዋለች።

"ለምን?" አልኳት።

"አንተ በስልክ 'ኪራይ ጨመሩብኝ' አላልከኝም? ደግሞ ቀናዓ ጥሩ ነው ልጄ፤ ባለው መብቃቃት ነው" አለችኝ፤ ፈገግ ብላ።

እኔ በዚያው ወር ለአዲስ ስልክ ዕቁብ ገብቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እናቴ ያደረገችው ነገር ቀናዓ ነው? ካልሆነ ደግሞ ገቢው ትንሽ፣ የሕክምና ወጪው ግን ትልቅ የሆነ ሰው ቀናዓው ምን ይመስላል? ብዙዎቻችሁ ይህን ጥያቄ ቤታችሁ ውስጥ ይዛችሁት እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አንዱ አባቱን ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። አንዷ የእህቷን የሚጥል በሽታ ኪኒን ከፋርማሲ ፋርማሲ ትፈልጋለች። አንዱ ደግሞ ራሱ ታማሚ ነው፤ ለማንም አልተናገረም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሐዲሣቸው ሦስት ነገር ይዞ ያነጋ ሰው ዱንያ ሁሉ የተሰበሰበችለት ያህል እንደሆነ አስተምረውናል። ሦስቱ ምንድን ናቸው? በቤቱ ሰላም መሆን፣ የአካል ጤና እና የዕለት ምግብ። ይህን ሐዲሥ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው "ትንሽ ነገር ይበቃሃል" ለማለት ነው። ግን ሁለተኛውን አስተውሉት። ጤና ከምግብ እኩል ተቀምጧል። ስልክ የለም፤ መኪና የለም፤ ጤና ግን አለ። ስለዚህ ጤናው የጎደለበት ሰው ትርፍ ነገር አይደለም የጎደለው። ይህን ሰው "ነፍስህ ብዙ አትመኝ" ብንለው ያልጠየቀውን ነው የምንመልስለት፤ እሱ መቼ ተመኘ?

ቀናዓ ከነፍስ ምኞት ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ሀብት የዕቃ ብዛት ሳይሆን የነፍስ መብቃቃት መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ነፍስ የጎረቤትን ሶፋ ታያለች፤ የጓደኛን ሠርግ ታያለች፤ ትመኛለች። ያንን "ይብቃሽ" ማለት ቀናዓ ነው። ሕመም ግን ምኞት አይደለም። ጣፊያ፣ ልብ ወይም ኩላሊት "ይብቃህ" ሲሉት አይሰማም።

የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ተመልከቱ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገረችን በቤታቸው ሁለት ወር ሙሉ እሳት ሳይነድ ያልፍ ነበር። ኑሯቸው ተምርና ውኃ ነበር። ከዚህ በላይ በትንሽ የተብቃቃ ቤት የት አለ? እኚሁ ነብይ ግን ሒጃማ ሲያሠሩ ለሠራላቸው ለአቡ ጦይባ ዋጋውን ከእህል ሰፍረው እንዲሰጡት አዘዋል። ሰዎችም ስለ ሕክምና ሲጠይቋቸው ታከሙ ብለዋል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረዋቸዋል። እንግዲህ አስቡት። ምድጃው የማይነድበት ቤት ለሕክምና ይከፍላል። ቀናዓቸው ከምግባቸው ቀነሰ እንጂ ሕክምናን ከልክል አላላቸውም፤ የሐኪሙን ላብም አላስቀረም።

ለእናቴ ይህን ነገርኳት። "እማ፣ አንቺ ከቡናሽ ስኳር ስትተዪ ቀናዓ ነው። መርፌሽን ስትተዪ ግን አማናሽን እየቀነስሽ ነው" አልኳት። ሳቀችና "ስኳሩንስ መች ወድጄ ተውኩት!" አለችኝ።

ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ታማሚ ከሆንክ ሁለት ጉድጓድ ከፊትህ አለ። ከሁለቱም አላህ ይጠብቅህ።

አንደኛው፣ ችላ ማለትን ተወኩል ብሎ መጥራት ነው። "አላህ ያሽረኛል" ብሎ ኪኒኑን ማቆም። አዎ፣ የሚያሽረው አላህ ነው። ግን ግመሌን ፈትቼ ልመካ ወይስ አስሬ ብሎ ለጠየቀው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እሰራትና ተመካ ነው ያሉት። በተለይ የደም ግፊት ያለብህ ተጠንቀቅ። ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰው ደህና የሆነ ይመስለውና ለአንድ ወር ብር ለማትረፍ ኪኒኑን ይተዋል። ከዚያ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። ያተረፈው የኪኒን ብር ለአንድ ቀን አልጋ አይበቃም። ሕመምን በቁጠባ የሚያታልል ሰው የሚያታልለው ራሱን ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ተስፋ መቁረጥ ነው። "አላህ ቢወደኝ ኖሮ ድህነትና በሽታ አንድ ላይ አይሰጠኝም ነበር" የሚል ድምፅ ማታ ማታ ይመጣል። ይህ ድምፅ የሸይጧን ነው። አዩብን (ዐ.ሰ) አስታውስ። አላህ በቁርዓኑ ታጋሽ ሆኖ አገኘነው ብሎ ያወደሰው ነብይ ነው። ሀብቱ ሄዷል፤ ጤናው ሄዷል። አላህ ጠልቶት ነበር? ሌላም ነገር ልብ በል፤ አዩብ ዝም አላለም። መከራ እንደነካው ለጌታው ተናግሯል። ያዕቁብም (ዐ.ሰ) ሐዘኑን ወደ አላህ አሰምቷል። ሰብር ማለት ሕመምን አለመናገር ቢሆን ኖሮ እነዚህ ነብያት ታጋሽ ባልተባሉ ነበር። ስለዚህ ሱጁድ ላይ አልቅስ። "ያ ረብ፣ መድኃኒቱ ተወደደብኝ" በል። ይህ ቀናዓህን አያፈርሰውም።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ታማሚ የምታስታምሚ ከሆንሽ፣ ጓደኞችሽ ሲማሩ፣ ሲነግዱ፣ ሲያገቡ አንቺ የእናትሽን ልብስ እያጠብሽ ዕድሜሽ ያለፈ ከመሰለሽ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ በድር ሲወጡ ልጃቸው ሩቀያ (ረ.ዐ) ታማ ነበር። ባሏን ዑስማንን (ረ.ዐ) እሷን እንዲያስታምም አስቀሩት። በድር ከተገኙት ሰዎች የአንዱን ያህል አጅርና የምርኮ ድርሻ እንዳለውም ነገሩት። በእስልምና ታሪክ ከበድር የሚበልጥ ቀን ስንት አለ? ያን ቀን የታማሚ አልጋ ሥር ያሳለፈ ሰው በድር እንደዋለ ተቆጠረለት። ያንቺም ቀን አልባከነም ኢንሻአላህ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ገቢያችን ትንሽ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ታዲያ በትንሽ ገቢ የሚብቃቃ ሰው ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ወረቀት ያወጣል። ወርኃዊ ወጪውን ሲጽፍ መድኃኒትን የሚጽፈው ከምግብ ቀጥሎ ነው፤ ወር ማለቂያ ላይ ከተረፈው አይደለም። ቀናዓው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በታች ባለው ዝርዝር ላይ ነው። ኢንተርኔት፣ ልብስ፣ የውጭ ምሳ፣ ዕቁብ። እኔ የስልኩን ዕቁብ ዕጣ ለጓደኛዬ አስተላለፍኩ። ስልኬ እስካሁን መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ይህንን ጽሑፍም የጻፍኩት በእሱ ነው።

ቀጥሎ መጠየቅ አያፍርም። ሐኪሙን "ይኸው መድኃኒት በሌላ ስም በርካሽ ይገኛል?" ብሎ ይጠይቃል። ከግል ፋርማሲ በፊት የመንግሥት ጤና ተቋሙን፣ የከነማን ወይም የቀይ መስቀልን ፋርማሲ ያያል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የወሊድ አገልግሎትና ክትባት በነፃ እንደሚሰጡ ያውቃል።

ከዚያም ሳይታመም ይዘጋጃል። በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ሰፍቷል። አሠራሩ መዋጮ ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ በጤና ጣቢያ፣ ሲላክም በሆስፒታል ይታከማል። መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። አንዳንዴ መድኃኒት ጠፍቶ ከውጭ ግዙ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሆኖም ካለመኖሩ መኖሩ ይሻላል። በሸሪዓው በኩል ጥያቄ ያላችሁ የምትተማመኑባቸውን ዑለማ ጠይቁ። ግን ጥያቄውን በጤናችሁ ጊዜ ጠይቁ፤ ታማሚ በቃሬዛ ይዛችሁ አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርጎ ቢያቅተውስ? ያኔ እርዳታ ይጠይቃል። እዚህ ጋ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። "ቀናዓ ያለው ሰው አይለምንም" እንላለን። ልመናን ሙያ ማድረግ በእርግጥ የተወገዘ ነው። ነገር ግን ቀቢሳ (ረ.ዐ) የተሸከመው ዕዳ ከብዶት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ እርዳታ ሊጠይቅ ሲመጣ አላሳፈሩትም። ቆይ፣ ሶደቃ ሲመጣልን እናዝልሃለን ነው ያሉት። ከዚያም መጠየቅ የሚፈቀድላቸውን ሦስት ዓይነት ሰዎች ነገሩት። ዕዳ የተሸከመ፣ አደጋ ንብረቱን ያጠፋበት፣ እና ችግር እንደደረሰበት ከወገኖቹ አስተዋይ ሰዎች የመሰከሩለት። እስኪወጣበትና ኑሮው እስኪቆም ድረስ መጠየቅ ይችላል። በሕክምና ዕዳ የተያዘ ሰው ከእነዚህ የራቀ ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሲሞቱ ጥሩራቸው ለቤተሰባቸው በወሰዱት ገብስ መያዣ ሆኖ ነበር። መቸገር ነውር ቢሆን ኖሮ የፍጡራን በላጭ በዚህ ሁኔታ ከዱንያ ባልወጡ ነበር።

እስካሁን ለታማሚውና ለአስታማሚው ተናገርኩ። አሁን ለጤነኛው፣ ለራሴም ጭምር።

ቀናዓ ለራሳችን የምንይዘው ነገር ነው። ለታማሚ ጎረቤት የምንሰብከው ሲሆን ግን መልኩ ይቀየራል፤ ኪሳችንን የምንዘጋበት ጥሩ ቃል ይሆናል። እኔ እናቴ በቀናዓዋ ስትብቃቃ ደስ ይለኝ ነበር። "እናቴ ምንም አታስቸግርም" እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። የማታስቸግረው የማታውን መርፌ እየዘለለች እንደሆነ አላየሁም። የእሷ ቀናዓ የእኔን ቸልታ ሸፍኖልኝ ነበር። ለእናት የሚላክ ብር ደግሞ ውለታ አይደለም፤ ሐቋ ነው።

አላህ በሱረቱል በቀራ ስለ አንዳንድ ድሆች ይነግረናል። ከመቆጠባቸው የተነሳ ሁኔታቸውን የማያውቅ ሰው ሀብታም ይመስሉታል፤ ሰውንም አጥብቀው አይለምኑም፤ በምልክታቸው ግን ይታወቃሉ። እዚህ ላይ ሥራው የማን እንደሆነ አያችሁ? እሱ ካልጠየቀ ምልክቱን ማየት ያለብኝ እኔ ነኝ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቀን ማንበብ ያለብኝ እኔ ነኝ።

ዕድራችንን አስቡት። ሰው ሲሞት በሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይመጣል፤ ገንዘብ ይሰጣል። አላህ ይጨምርልን፤ ትልቅ ኸይር ነው። ግን ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ስድስት ወር ተኝቶ ነበር። ያኔ የደረሰለት ማነው? ለከፈኑ ያዋጣነው ሰዎች ለኪኒኑ ብናዋጣ ኖሮ ምናልባት አላህ ሰበብ ያደርገው ነበር። ዛሬ ለሕመምም መድረስ የጀመሩ ዕድሮች አሉ። በሰፈራችሁ ያለውስ? ወጣቶች ናችሁ፤ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ።

ቀደምቶቻችን ይህን ተረድተው ነበር። በ1154 እ.ኤ.አ. ኑረዲን ዘንኪ ደማስቆ ላይ ሆስፒታል አቆመ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የግብፅ አሚር ደማስቆ ላይ ታመመ፤ ከዚያ ሆስፒታል በመጣ መድኃኒትም ዳነ። ሥልጣን ካገኘሁ እንዲህ ያለ ቤት እሠራለሁ ብሎ ተሳለ። ይህ ሰው ኋላ ሡልጣን የሆነው አል-መንሱር ቀላውን ነው። በ683 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ላይ ቃሉን ጠበቀ። ሆስፒታሉን ወቅፍ አደረገው፤ ሀብታምም ድሃም በነፃ ታከመበት። ታሞ የዳነ ሰው ሕመሙን አልረሳም። ለድሃው "ታገስ" የሚል ምክር ብቻ አልላከለትም፤ አልጋና መድኃኒት አዘጋጀለት።

እኛ ሡልጣን አይደለንም። ግን ዘካ የምናወጣ አለን፤ ከመቶ 2.5 ነው። አላህ ከዘረዘራቸው 8 ተቀባዮች መካከል ፉቀራዎች፣ ሚስኪኖችና ባለዕዳዎች አሉበት። ዘካ የማይደርስብን ደግሞ ሶደቃ አለን። ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ የአንድ ታማሚን የወር ኪኒን መያዝ ትችላላችሁ። ብሩን ለፋርማሲው ክፈሉና ውጡ። ፎቶ አታንሱት። ታማሚ ፊቱንና ስልክ ቁጥሩን በየገጹ ለጥፎ "ወገን ድረስልኝ" ከማለቱ በፊት ብንደርስለት ክብሩም ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንዴ አይበቃም። ዝም ብዬ ላባብላችሁ አልፈልግም። ብር ያልደረሰለት ሕመም አለ፤ ብር ደርሶለትም ያልዳነ አለ። እዚያ ጋ ስንደርስ ከቀናዓ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሰጪውን አለመክሰስ። ሕመሙን ውደደው አልተባልክም። ሙስሊምን የሚነካው ሕመም ወንጀሉን ዛፍ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ እንደሚያራግፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብስረውናል። የምትቆጥረው የጎደለውን ብቻ ከሆነ ማለቂያ የለውም። የቀረውንም ቁጠር። እናቴ ማታ ማታ ከመርፌዋ በኋላ እንዲህ ትላለች፦ "ዓይኔ ሙስሐፍ ያያል፤ እግሬ መስጂድ ያደርሰኛል፤ አልሐምዱሊላህ።" አሁን የማታውንም ትወጋለች። ታናሽ እህቴ በየቀኑ ብልቃጡን እያየች መልእክት ትልክልኛለች።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከሶላት በኋላ ለሰላምታ ስትጨባበጡ "እንዴት ነህ?" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ሁላችንም "አልሐምዱሊላህ" ብለን እናልፋለንና። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ያንን ከጥግ የሚሰግደውን አዛውንት ጠጋ ብላችሁ "መድኃኒትዎን ገዝተዋል?" በሏቸው። መልሱ ቶሎ ካልመጣ መልሱን አግኝታችኋል።

ያ አላህ፣ ታማሚዎቻችንን አሽርልን፤ ለአስታማሚዎች ጉልበት ስጥልን፤ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው አድርግልን፤ በምኞታችን ላይ ቀናዓን፣ በወገናችን ሕመም ላይ ግን ንቃትን ስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።